ስለ አለቃ ገብረ ሐና መምህርነትና አባትነት በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በኢትዮጵያ ምድር «አለቃ ገብረ ሐና» የሚለው ስም በተጠራ ጊዜ ነገሩ ገና ሳይጀመር የሰሚው ጥርስ ይገለጣል። ሽማግሌው በእሳት ዳር፥ ሴቲቱ በቡናዋ ላይ፥ ሕፃኑም በተማሪ ቤት ደጅ ሆኖ ከሳቸው ጨዋታ አንዱን ሳያውቅ የሚቀር የለም። ነገር ግን እኒህ ሰው ማን ነበሩ፥ ምን አስተማሩ፥ ማንንስ ወለዱ ተብሎ ቢጠየቅ ያ ሁሉ ሳቂ ዝም ይላል። ቀልዱ ሰውየውን እንደ ሐረግ ስለ ወጣባቸው ግንዱ አይታይም። ዛሬ በዚህች ደብር በዓል ሌሊቱን መቋሚያ ይዘው በማኅሌት ቆመው ያደሩት ካህናት ግን ዕዳቸውን ያውቁታል፤ ከዝማሜው አንዱ ወገን የመጣው ከኒሁ ሽማግሌ ቤት ነውና። ስለዚህ ዛሬ የሚነገረው ስለ ቀልዱ ሳይሆን ስለ መምህሩና ስለ ቤታቸው ነው። (ቀልዱ ሾልኮ ቢገባና የሚስቅ ቢኖር ግን ይሳቅ፤ ጸሎቱ ተፈጽሟልና።)

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓመተ ምሕረት በበጌምድር በፎገራ ወረዳ፥ ናበጋ ጊዮርጊስ በሚባለው አጥቢያ እንደ ተወለዱ ይነገራል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በርሱ በኩል አልፈው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ከብቱም በላምነቱ የታወቀ ነው። ውሃና ደንገል እያየ ያደገ ልጅ በኋላ ከውሃና ከደንገል ምን እንዳወጣ ወደ ታች ይነገራል።

በዚያ ዘመን ልጅ ለትምህርት ሲነሣ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፥ ከናቱ ቤት እስከ መምህሩ ደጅ በእግሩ ይሄድ ነበር። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ፥ ውሻም እያባረረው፥ ያገኘውን ቍራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይማራል። አለቃ ገብረ ሐናም በዚሁ መንገድ ወደ ጎጃም ተሻግረው ቅኔ እንደ ተማሩ ይተረካል። ቅኔ ምን እንደ ሆነ ለካህናቱ መንገር ለአንጥረኛ ስለ ወርቅ እንደ መንገር ያለ ነው፤ ከምእመናን መካከል ላላወቁት ግን ጥቂት ይነገር። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያም በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየ፥ ሚበዝኁ፥ ዋዜማ፥ ሥላሴ፥ ዘይእዜ እያለ እስከ መወድስና እስከ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ቀን ቀን ብቻውን ከዱር ገብቶ ይቈጥራል፤ ያበጀውንም በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያቀናለታል ወይም ያፈርስበታል። ከትምህርቱም ሁሉ የሚጠበበው ኅብር የሚባለው ነው፤ ይኸውም አንድ ቃል በአንድ ወገን ሲያዩት ሰም፥ በሌላ ወገን ሲያዩት ወርቅ ሆኖ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ቅኔውም ለዚያ ቀን በዓል ብቻ ይደረሳል እንጂ በሌላ ጊዜ አይደገምም። አንድ ባለ ቅኔ በዕድሜው ሙሉ ያፈለቀው የሚበዛው ከዕጣኑ ጢስ ጋራ አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ሰው የሚስቅበት ያ ጨዋታ ከወዴት እንደ መጣ ከዚህ ይታወቃል። ስለ አይጥና ስለ መሶብ የሚነገረውን የማያውቅ የለም። አለቃ በሰው ቤት እንጀራ ቀርቦላቸው ከመሶቡ አይጥ ያያሉ። ባለቤቲቱን በሰው ፊት ላለማሳፈር ዝም ብለው ይበሉና ሲነሡ ይመርቃሉ። እርስዋ ቃሉን አያይዛ ሰምታ ምርቃት መስሏት እጅ ትነሣለች፤ አጠገባቸው የነበረው ተማሪ ግን ቃሉን ከፍሎ ሰምቶ አይጧን ያገኛታል። ይህ ተራ ቀልድ ሳይሆን ከማኅሌት ወጥቶ ወደ ማዕድ የወረደ ኅብር ነው። ልማደኛ ቀልደኛ ቢሆን አይጧን ጮኾ ይናገር ነበር፤ የቅኔ መምህር ግን ነገሩን ለሚሰማ ብቻ ይናገራል፤ የማይሰማውንም አያቈስልም። ዛሬ በስማቸው ከሚነገረው ብዙው ከዚህ ሚዛን የጎደለ ነው። ባለቤት ያጣ ጸያፍ ቀልድ ሁሉ በሳቸው ጫንቃ ላይ ተጭኗልና፥ አንድ ጨዋታ የሳቸው መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሚሻ ሰው ወርቅ እንዳለው ይመርምረው፤ ሰም ብቻ ከሆነ ለሌላ ይስጠው።

ከቅኔው በኋላ ወደ ጎንደር ገብተው የመጻሕፍቱን ትምህርት፥ ይልቁንም ፍትሐ ነገሥትን እንደ ጠነቀቁና በጎንደር በዓታ እንደ አስተማሩ ይነገራል። ጎንደር በ1628 ዓመተ ምሕረት ገደማ በዐፄ ፋሲል ከተቈረቈረች ጀምሮ የሊቃውንት ከተማ ነበረች። በዓታ ማለትም ለአቋቋም ትምህርት ዋናው ምንጭ ነው፤ እስከ ዛሬም የጎንደር አቋቋም የሚባለው ሲጠራ በዓታ አብራ ትጠራለች። ፍትሐ ነገሥትም በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። የንጉሥም የሹምም ፍርድ በርሱ ይመዘን ነበርና፥ እርሱን የሚተረጕም ሊቅ ከተማሪ ቤቱ ወንበር ሌላ በፍርድ አደባባይም ወንበር ነበረው። ስለዚህ አለቃ ገብረ ሐና ሕግ ተርጓሚ ሊቅ ነበሩ፤ ለማጫወት ወደ ቤተ መንግሥት እንደሚጠራ እንደ አዝማሪ ያለ ሰው አልነበሩም። ይህን መርሳት ትልቅ በደል ነው።

ሕግ የሚያውቅ ሰው ምላሱም ስለት ሲሆን በኃያል ንጉሥ ዘመን መኖር ይቸግረዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከ1847 እስከ 1860 ዓመተ ምሕረት ነገሡ፤ የቤተ ክርስቲያንን መሬትና የካህናቱን ቍጥር ለመቀነስ በማሰባቸው ከካህናቱ ጋራ እንደ ተጣሉ በታሪክ የታወቀ ነው። አለቃ ገብረ ሐናም በአንደበታቸው ምክንያት ከንጉሡ ዐይን ወድቀው ከጎንደር ርቀው ወደ ጣና እንደ ተሰደዱ ሊቃውንት ይተርካሉ። በ1859 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ጎንደርን በዘረፉና አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠሉ ጊዜ ከሊቃውንቱም ብዙዎቹ ተበተኑ። በ1880 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ድርቡሾች ገብተው የቀረውን አቃጠሉት። ባንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ የነደደች ከተማ ናት።

ሊቃውንቱ ዝማሜው የተገኘበትን ነገር ሲተርኩ እንዲህ ይላሉ። መምህሩ በጣና ደሴት ተቀምጠው ሳለ ከዳሩ የበቀለውን ደንገል ይመለከቱ ነበር። ይህ ደንገል የሐይቁ ሰዎች አስረው ታንኳ የሚሠሩበት ነው። ማዕበሉ ሲመጣ ያጎነብሳል፤ ሲመለስ ይቃናል፤ ነገር ግን አንዱ ከአንዱ ጋራ ሳይጋጭ ሁሉም ባንድነት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መምህሩም ይህን አይተው መቋሚያቸውን አነሡና ያንን ንቅናቄ በዜማው ልክ ሞከሩት ይባላል። የያሬድ ዜማ እንዳለ ነው፤ ቃሉም አልተነካም፤ የተለወጠው የመቋሚያው ንቅናቄና የአካሉ አጣጣል ነው። ይህንንም ነገር የሚያምን ይመን፥ የማያምን ይተወው፤ በጣና ዳር ቆሞ ደንገሉን ያየ ካህን ግን ለማመን አይቸግረውም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር ቀርቧልና ልብ ይበሉ። ዜማ ምልክት አለው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ሊቃውንት ይናገራሉ። ስለዚህ ዜማ የሚያውቅ ሰው ቢሞት ድጓው ከነምልክቱ ይቀራል፤ የሚያነበው አንድ ሰው ከተገኘ ይነሣል። ዝማሜ ግን እንዲህ አይደለም። ጕልበት መቼ እንደሚለዝብ፥ ትከሻ መቼ እንደሚዞር፥ መቋሚያው ከየትኛው ፊደል ላይ እንደሚነሣና በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ፥ ከዝማሜ ወደ መረግድ፥ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲታለፍ ከበሮው እንዴት እንደሚጠብቅ የሚገልጥ ምልክት በብራና ላይ አልተጣፈም። መጽሐፉ የመምህሩ አካል ነው። መምህሩ ሲያረጅ መጽሐፉ ያረጃል፤ ጕልበቱ ሲደክም አንድ ቅጠል ይገነጠላል፤ መምህሩ ሲቀበር መጽሐፉ አብሮ ይቀበራል። እንግዲህ አዲስ ዝማሜ አግኝቶ ተማሪ ያላገኘ መምህር በእጁ ምን እንደ ያዘ አስቡት።

አለቃ ገብረ ሐናም ይኸው ደረሰባቸው። ዝማሜያቸውን ለጎንደር ሊቃውንት ባሳዩ ጊዜ አልተቀበሏቸውም። ስለዚህ ነገር የጎንደርን ሊቃውንት መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ እውነተኛ አይሆንም። ካባቶቻቸው የተቀበሉትን ሥርዓት በእሳትና በስደት መካከል ይዘው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የተረፈችውን አንዲት ዕቃ አጥብቆ ይይዛታል፤ ሌላ አዲስ ዕቃ ቢያመጡለትም በጥርጣሬ ያያል። ደግሞም አዲስ ንቅናቄ ያመጣው ሰው በቀልዱ የታወቀ መሆኑ ነገሩን ሳያከብደው አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል፤ ሰው የሚስቅለትን ሰው ቁም ነገሩን አያምንለትምና። የጨዋታቸው ዝና ከዚህ ላይ ዋጋ አስከፈላቸው።

እሳቸውም ከሊቃውንቱ ጋራ በመከራከር ዘመናቸውን አልጨረሱም። ዝማሜውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ይህች አጭር ነገር ናት፤ ነገር ግን ውስጧ ሰፊ ነው። አባት ልጁን ማስተማር ከሌላው ተማሪ ይልቅ ይከብዳል። የሰው ልጅ የሆነው ተማሪ መምህሩን ፈርቶ ይማራል፤ ቢቈጡት ይታገሣል፤ ቢከፋው አኩፋዳውን ይዞ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል። ልጅ ግን ያባቱን ድካም በቤት ያያል፤ ካህናቱ በደጅ የሚሉትንም ይሰማል። በሊቃውንት ጉባኤ የተነቀፈውን ሥራ «ያባቴ ነው» ብሎ መቀበል፥ ያንንም በሰው ፊት ቆሞ ማሳየት ለወጣት ቀላል አይደለም። ተክሌ ይህን ተቀበለ። አባትየውም ካንድ ልጃቸው በቀር ሌላ ብራና አልነበራቸውም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ስለ ቤታቸው ከተነሣ ዘንድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ሳይጠሩ መታለፍ የለባቸውም። ስማቸው በጨዋታው ሁሉ ይገኛል፤ እንዲያውም ከሊቃውንት ሚስቶች ሕዝብ በስም የሚያውቃቸው እኒህን ነው። በጨዋታው ውስጥ ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አይደሉም፤ ለነገር ነገር ይመልሳሉ፤ አለቃም ከሌላው ሰው ጋራ ያልተቸገሩትን ያህል ከሳቸው ጋራ ይቸገራሉ። ይህ ሁሉ የተደረገ ይሁን ወይም በኋላ የተጨመረ ይሁን፥ ሕዝቡ ይህን ቤት ሲያስበው ሁለት ሰዎች በቃል እየተጫወቱ የሚኖሩበት ቤት አድርጎ ነው የሚያስበው። የመምህር ሚስት መሆን ምን እንደ ሆነ ግን ቀልዱ አይናገርም። በየጊዜው የሚመጣውን ተማሪና እንግዳ ማስተናገድ፥ የጎደለውን ሽሮና ጠላ ከየትም አምጥቶ ማሟላት፥ ባል ከንጉሥ ተጣልቶ ሲሰደድ ቤትን ይዞ መቈየት የሴቲቱ ዕጣ ነው። የቆሎ ተማሪ ሁሉ በመምህሩ ስም ይመካል፤ የበላው እንጀራ ግን ከእመቤቲቱ ምጣድ የወጣ ነው። በዚህች ደብርም የዚህ ዓይነት እናቶች ሥራቸው በመዝገብ አልተጣፈም።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን አለቃ ገብረ ሐና ወደ ሸዋ ወርደው በቤተ መንግሥቱ አካባቢ እንደ ኖሩ የሚተርክ ጨዋታ ብዙ ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በጨዋታው ውስጥ አንድ ጊዜ ሲስቁ አንድ ጊዜ ሲቈጡ ይገኛሉ። ይህ ክፍል በሰው አፍ ብዙ የተነገረ ስለ ሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ይነገር። በሰባና በሰማንያ ዓመት መካከል ያለ ሽማግሌ በቤተ መንግሥት ደጅ ሲጫወት የሚያየው ሰው ሁሉ ደስተኛ ሽማግሌ አየሁ ብሎ ይሄዳል፤ ወንበሩን የለቀቀ መምህር መሆኑን ግን አያስብም። የዚያን ጊዜ መምህር ሥራውን ሲተው ጡረታ የሚባል የለውም። ደብሩ በሰጠው መሬት እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ከዚያ ከወጣ ኑሮው በልጆቹና በቀድሞ ተማሪዎቹ ደግነት ነው። የሳቸው ሀብት ደግሞ ወጣቱ ተክሌ የያዘው ንቅናቄ ነበር።

በመጨረሻም ወደ ተወለዱበት ወደ ፎገራ ተመልሰው በ1898 ዓመተ ምሕረት ገደማ በሰማንያ አራት ዓመታቸው ዐርፈው በናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተቀበሩ ይነገራል። ከዚያ ሜዳ በልጅነቱ አኩፋዳ አንጠልጥሎ የወጣው ሰው ጎጃምን፥ ጎንደርን፥ ጣናን፥ ሸዋን ዞሮ ከዚያው ሜዳ ገባ።

ልጃቸው አለቃ ተክሌ በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግተው አስተማሩ። ደብረ ታቦር ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለች ከተማ ናት፤ ከፎገራ ሜዳ ወጥቶ በተራራው ላይ ትገኛለች፤ ቤተ ክርስቲያኗም ደብረ ታቦር ኢየሱስ ትባላለች። ያ ጎንደር ያልተቀበለው ዝማሜ እዚያ ተተክሎ ጸና፤ ከየአገሩ ተማሪ መጣ፤ የተማረውም እየተመረቀ ወደየደብሩ ተበተነ። ዛሬ አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ የሚጠየቀው «የጎንደር ነህ ወይስ ተክሌ?» ተብሎ ነው። የተቀበለውና ያልተቀበለው ሁለቱ ወገን ባንድ ቤተ ክርስቲያን ቆመው ይዘምራሉ፤ እንዲያውም በታላላቅ በዓል ጊዜ አንዱ ወገን ሲጨርስ ሌላው ሲቀበል ይታያል፤ ሕዝቡም ሁለቱንም እልል ይላል።

በ1967 ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ አድባራቱ የመምህራኑን መተዳደሪያ ስላጡ ብዙ ጉባኤ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ያልተዘጉትም በብዙ ችግር ኖረዋል። ተክሌ ግን ተርፏል፤ ብራናው ሰው ነበረና በየአገሩ በእግሩ ሄዶ ተርፏል። በዚህም በዓል ሌሊት ከተዘመመው መካከል የተክሌውን ያየ ምእመን መቋሚያው እንደ ደንገል ወዲያና ወዲህ ሲል አይቷል። ካህናቱም ያንን የሚጠሩት በልጁ ስም ነው፤ የአባቱን ስም የሚጠራው ከማኅሌት በኋላ በጠላ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። በድካሙ ሌሊት የቆሙት አባቶች አሁን ወደ ማዕዱ ሲሄዱ ያንን ጨዋታ መልሰው ያነሡት ይሆናል። ቢያነሡት ስለ አይጧ ከመናገራቸው በፊት አንድ ጊዜ ስለ ተክሌ አባት ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ።